ሚዛኑ ላይ የተተከለው ድንኳን

አይ እህቴ፣ እንዳታሳጥሪው! ጫፍ ጫፉን ብቻ። ባለፈው «ትንሽ ቀንሺልኝ» ብዬሽ ቤት ስገባ፣ ባሌ በር ላይ ቆሞ «ማንን ፈልገው ነው?» ብሎኛል። እሱ እንደሆነ ቀልዱ አያልቅበትም። … እንዴ፣ ውሃው ዛሬ ለብ ያለ ነው! እጅሽ ይባረክ። ሰው ፀጉር ቤት የሚመጣው ለፀጉሩ ይመስለዋል፤ ለዚህ ለጣትሽ ነው እንጂ።

ምን አግኝተሽ ነው የምትስቂው አትበይኝ። ደስ ብሎኛል፤ ከጠዋት ጀምሮ ብቻዬን ስስቅ ነው የዋልኩት። ታክሲ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ፈርቶኝ ቦታ ቀየረ። ምክንያትማ አለው፤ እደርስበታለሁ። … አሁን መስተዋቱ ፊት ልቀመጥ? ይሄ አዲስ ነው አይደል? ጎሽ! ከዚህ ሆኜ ከኋላዬ ያለውን ሁሉ አያለሁ። በሩን፣ መስኮቱን፣ ማድረቂያው ካስክ ውስጥ የተቀመጡትን እመቤት… ጤና ይስጥልኝ እመቤቴ! … አልሰሙኝም። ካስክ ጆሮ ላይ ሲያጓራ ቤቱ ቢፈርስ አይሰማም። ተያቸው፣ በደንብ ይድረቁ። ፀጉራቸው በዚያ ሁሉ ቢጎዲን የተጠቀለለው ነገ ትልቅ ጉዳይ ቢኖርባቸው ነው። ጫማቸውን አየሽልኝ? ጫፏ ወርቃማ! እኔ የማውቃቸው አንዲት ትልቅ ሰው ቁርጥ እንዲህ ያለ ጫማ አላቸው። ከአንድ ሱቅ ሳይገዙ አይቀሩም።

ስለ እሳቸው ላጫውትሽ? አንቺ እስከዚያ አበጥሪኝ። ስም አልጠራም። ስም ከተጠራ ሐሜት ይሆናል፤ እኔ ደግሞ ሐሜት አልወድም። ማመስገን ነው የፈለግኩት። … ምነው እጅሽ ቆመ? ምስጋና ያስፈራል እንዴ?

የት እንደምሠራ ታውቂያለሽ። ከከተማ ወጣ ብሎ፣ ቆሻሻ መጣያው በር ላይ፣ ሚዛን ክፍል። የአካባቢው ከተሞች ተሰብስበው ያቋቋሙት የቆሻሻ ማስወገጃ ድርጅት ነው። ሥራዬ ቀላል ነው። የቆሻሻ መኪናው ሲገባ መሬት ላይ የተዘረጋው ሚዛን ላይ ይቆማል፤ እመዝነዋለሁ። ጭነቱን ደፍቶ ሲወጣ ባዶውን እመዝነዋለሁ። ልዩነቱ ትቶልን የሄደው ነው። አየሽ፣ እኛ ጋ ማንም ይዞት በመጣው አይለካም፤ ትቶት በሚሄደው ነው።

እና ሥራ አስኪያጃችንን ሠራተኛው ምን ብሎ እንደሚጠራቸው ልንገርሽ? «እናታችን»! እሳቸው «ልጆቼ» ስለሚሉን ነዋ። ሹፌሩን «ልጄ»፣ ጫኙን «ልጄ»፣ ጥርሱ ያለቀውን ዘበኛ ሳይቀር «ልጄ»። ሽማግሌው «የስንት ዓመት ልጅ ሆነው ቢወልዱኝ ነው?» እያለ ጣቱን ይቆጥራል። እኔን ብቻ ብለውኝ አያውቁም። ምን ያድርጉ፣ አያዩኝማ! የሚዛን ክፍሉ መስታወት ከውጭ ሲያዩት ጥቁር ነው። በየቀኑ በመኪናቸው በፊቴ ያልፋሉ፤ እኔ እሳቸውን አያለሁ፣ እሳቸው መስታወቱ ላይ ፀጉራቸውን ያያሉ። አንዳንዴ መኪናውን አስቁመው ያስተካክሉታል። መንገድ ላይ ብንገናኝ፣ እንዲያውም አንድ ፀጉር ቤት ውስጥ ጀርባና ጀርባ ብንቀመጥ እንኳ አያውቁኝም። … ቀስ! ማበጠሪያው ወደቀብሽ እኮ።

ደግሞ ሲያስቡ ርቀው ነው የሚያስቡት። ከተሞቹ ድርሻቸውን መክፈል ሲያቆሙ፣ ሌላ ሰው ቢሆን እየዞረ ይጨቃጨቅ ነበር። እሳቸው ጨዋ ናቸው፤ ጭቅጭቅ አይወዱም። ዝም ብለው ተበደሩ። በብድሩ ምን ገዙ መሰለሽ? ቆሻሻ የሚለይ ማሽን! ጠርሙሱን ለብቻ፣ ወረቀቱን ለብቻ፣ ላስቲኩን ለብቻ። ከስንት ባሕር ማዶ መጣ፣ ሪባን ተቆረጠ፣ ፎቶ ተነሱ። ፎቶው ላይ ያምራሉ፤ እውነት እውነቱን ነው የምልሽ። ብቻ ማሽኑ የተሠራው ለደረቅ ቆሻሻ ነው፣ የእኛ ደግሞ እርጥብ ነው፤ የምግብ ትራፊ፣ የአትክልት ልጣጭ… በተከፈተበት ቀን አንድ አሮጌ ፍራሽ ጎርሶ ታነቀ። ይኸው እስከ ዛሬ ሸራ ለብሶ ቆሟል። ምንም አላመረተም ብዬ ኃጢአት አልገባም፤ ድመት ትወልድበታለች። በየክረምቱ! ባሌ «በብድር የተገዛ የድመት ማዋለጃ» ይለዋል። እኔ ግን እቆጣዋለሁ። እናትነት ይናቃል እንዴ? እሳቸውም እናት፣ ድመቷም እናት…

«ቲን» ያለው ምንድነው? … በሩ ነው? እሺ፣ በሩ ይሁን።

የት ደረስኩ? አዎ፣ ብድሩ። ለብድሩ ወለድ ሲባል የነዳጁ ገንዘብ ሄደ፤ ለነዳጁ ሲባል የጎማው ሄደ። መኪኖቹ ግማሾቹ ቆሙ። የቆሙት እንዳይሰለቹ የቆሙበት ቦታ ላይ ሣር በቀለ። እዚህ ሰፈርሽ ቆሻሻው ሁለት ሳምንት ሳይነሳ የከረመው ያኔ ነው። አስታወስሽ? «ምነው ዛሬስ ሸተተ» እያልሽ መስኮት ስትዘጊ እሳቸው ስብሰባ ላይ ነበሩ። ምን አሉ? «ድርጅቱ ታሟል» አሉ። ሐኪም ቢሆኑ ኖሮ እንዴት ይወጣላቸው ነበር! ማን እንዳሳመመው አልጠየቁም፤ ጨዋ ሐኪም እንዲህ ያለ ነገር አይጠይቅም። መድኃኒቱን ብቻ አዘዙ። ይሸጥ!

እና ተሸጠ። መኪኖቹ ለገዢው፣ መጣያው ለገዢው፣ ሸራ የለበሰው ማሽን ከነድመቷ ለገዢው። ዕዳውን ግን አልሸጡትም። እሱን ለከተሞቹ አስቀሩልን፤ ለእኔና ለአንቺ። ትዝታ ይሁናቸው ብለው ነው መቼስ። … ገዢውም ሰው ማክበር ያውቃል። እሳቸውን እዚያው ወንበራቸው ላይ ሊያስቀምጣቸው ነው። ይህን ሁሉ ዕዳ ያለ ማንም እርዳታ የሠራ ሰው ከየት ያገኛል?

አንቺ ግን ለምንድነው በመስተዋቱ ዓይን ዓይኔን የምታይኝ? ኋላዬ ምን አለ? እመቤቲቱ መጽሔታቸውን እያነበቡ ነው። ገጹን ካልገለጡት ቆዩ፤ ደስ የሚል ጽሑፍ ቢሆን ነው።

አሁን እንባቸውን ልንገርሽ። እንዲህ ያለ እንባ አይተሽ አታውቂም። ባለፈው ሰሞን ከእኛ ጣቢያ ማዶ ያለው ሲሚንቶ ፋብሪካ ሹፌርና ጫኝ እቀጥራለሁ ብሎ ማስታወቂያ ለጠፈ። ልጆቹ ሁሉ ልባቸው ቆመ። ድርጅቱ እየተሸጠ፣ ማን እንደሚቀር ማን እንደሚባረር አይታወቅ። እንሂድ ወይስ እንቆይ? እናታችን ይህን ሰሙና ግቢው ውስጥ ሰበሰቧቸው። «ልጆቼ፣ የትም እንዳትሄዱ። ማንም አይባረርም። ከእናንተ ተለይቼ…» አሉና ድምፃቸው ተቋረጠ። ተንሰቀሰቁ! ቆሻሻ ሲጭን ውሎ ፊቱ የማይለወጠው ሁሉ አብሮ አለቀሰ። ባሌ እንኳ፣ ከኋላ ሰዉን ሰንጥቆ ወጥቶ፣ እኔ የተኮስኩለትን ነጭ መሐረብ ሰጣቸው። ነጭ! የቆሻሻ መኪና ሹፌር ነጭ መሐረብ ከኪሱ ሲያወጣ። ጠርገው ጠርገው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት። እስከ ዛሬ አልመለሱም። አይ፣ ቅር ብሎኝ አይደለም። ለጥንዱ አዝኜ ነው እንጂ፤ ሁለት ነበሩ።

እና ማንም ወደ ፋብሪካው አልሄደም። እናት አልቅሳ «አትሂዱ» እያለች ማን ይሄዳል? እኔም ለባሌ «ተው ቆይ፣ ያቺን መኪናህን ካንተ በቀር የሚያስነሳት የለም፣ ይፈልጉሃል» አልኩት። እሱ እሷን «አሮጊቷ» ነው የሚላት። ጠዋት ጠዋት ኮፈኗን ሳይደባብስ አትነሳለትም። እኔን ደባብሶ አያውቅም፤ እሷን ግን…

አሁን ነው ሳቁ። ያዢኝ! ከትናንት ወዲያ ገዢዎቹ ጣቢያውን ሊያዩ መጡ። እናታችን ደግሞ እንግዳ ያከብራሉ። ድንኳን ይተከል፣ ጠረጴዛ ይዘርጋ፣ ምሳ ይቅረብ አሉ። የት? መጣያ ግቢ ውስጥ ንጹሕና ልሙጥ ቦታ አንድ ብቻ ነው። … አዎ! ሚዛኑ! ወጥቼ ለጸሐፊያቸው «ይሄ እኮ የመኪና መመዘኛ ነው» አልኳት። «ለዛሬ መድረክ ነው፤ እናታችን ወስነዋል» አለችኝ። ምንጣፍ አነጠፉበት። ምን አገባኝ፣ ወደ ክፍሌ ገባሁ። ሚዛኑን ላጥፋው ብልም አልችልም፤ የማይካቸው መብራት የተሳበው ከእኔው ክፍል ነው፣ በአንድ ማብሪያ ነው የሚሠሩት።

ክፍሌ ጣሪያ ላይ ደግሞ ሹፌሮች እንዲያዩት ክብደቱን በቀይ መብራት የሚያወጣ ትልቅ ሰሌዳ አለ። እንግዶቹ ለሰሌዳው ጀርባቸውን ሰጥተው ተቀመጡ። ሠራተኛው አዲስ ቱታ ለብሶ ከገመድ ወዲያ ፊት ለፊት ተደርድሯል። መጣልሽ! ወንበር በገባ ቁጥር ቁጥሩ ይወጣል። የገዢዎቹ ጠበቃ ግዙፍ ሰውዬ ነው፤ ሲረግጥ ሰሌዳው ዘለለ! ሽንት ቤት ልሂድ ብሎ ሲወርድ ዝቅ። ሲመለስ ከፍ… ግን ቅድም ከነበረው ትንሽ ያንሳል! ሚዛናችን ለካ ይህን ያህል ታማኝ ነው? ልጆቹ እርስ በርስ ተደጋግፈው በሳቅ ሞቱ። እናታችን ምን ቢሉ ጥሩ ነው? ማይኩን ይዘው «ተመልከቱልኝ፣ ልጆቼ እንዴት ደስ ብሏቸዋል!» ገዢዎቹ ማስታወሻ ያዙ እኮ! «የሠራተኛው መንፈስ እጅግ ከፍተኛ» ብለው ሳይጽፉ አይቀሩም። ከፍተኛማ ነበር፤ ሰሌዳው ላይ ይታያል።

ከዚያ ምሳ ቀረበ። ትሪው ሲገባ ቁጥሩ ወጣ። በሉ። እንዴት አድርገው በሉ! ትሪው ባዶ ቀረ። እኔ ዓይኔን ሰሌዳው ላይ ተክዬ ቁጥሩ ሲወርድ እጠብቃለሁ። ንቅንቅ የለም! ምንም። ለካ ከትሪ ወደ ሆድ ሲዛወር ክብደቱ ያው ነው። ያኔ ነው የሽያጩ ነገር የገባኝ። ስንት ስብሰባ ተቀምጬ «ወደ ግል ማዛወር» ሲሉ ያልገባኝ፣ በአንድ ምሳ ገባኝ። ከሚዛኑ ላይ የጠፋ ነገር የለም፤ ትሪው ነው ባዶ የሆነው።

ፔስትራውን ቀስ፣ ጆሮዬን እንዳታቃጥይው። ጆሮዬን እፈልገዋለሁ። እንዲያውም የጆሮን ነገር ልንገርሽ። ሚዛኑ ዳር አንዲት ትንሽ ሳጥን አለች፤ ሹፌሮች ከመኪናቸው ሳይወርዱ እኔን የሚያናግሩባት። «አሮጊቷ መጥታለች» ሲሉኝ ክፍሌ ውስጥ ይሰማል። የክብር ወንበሩን የት ቢያስቀምጡት ጥሩ ነው? ልክ ከሳጥኗ ሥር። እናታችን ተቀመጡ፣ ከጎናቸው የገዢው አለቃ። ማይኩን አጥፍተው ለራሳቸው ብቻ ሊያወሩ። ያን ጊዜ ባሌና ሌሎች ሹፌሮች ውሃ ሊጠጡ ክፍሌ ገብተው ነበር፤ ጠበቃውን እያስመሰሉ ይስቃሉ።

አለቃው «ሰዎቹስ?» አለ።

የእናታችን ድምፅ ጥርት ብሎ መጣ። መቼም ድምፃቸው ማር ነው። «መኪኖቹን ተረከቡ፤ ሰዎቹን ለእኔ ተዉልኝ» አሉ። «እስከ ርክክቡ እንዳይሄዱ አልቅሼላቸዋለሁ። መኪኖቹን ተሰልፈው ካስረከቡ በኋላ ደግሞ አልቅሼ እሸኛቸዋለሁ። እንባ ካዩ ድምፅ አያሰሙም።»

…

ክፍሉ ውስጥ የሳቀ አልነበረም። ባሌ የያዘውን ኩባያ ቀስ ብሎ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠው። «መሐረቤን» አለ።

ይሄን ስነግርሽ አትዘኚ! ፀጉሬን እየሠራሽ አታልቅሺብኝ፤ እንደገና ይረጥባል። ስሚ ደግሞ መጨረሻውን። እንግዶቹ ወረዱ፣ ወንበሩም ጠረጴዛውም ወረደ፣ እናታችን እጃቸውን እያውለበለቡ ሚዛኑ ላይ ብቻቸውን ቀሩ። ብቻቸውን! ሰሌዳው የእሳቸውን ብቻ አወጣ፤ የድንኳኑንና የምንጣፉን እንደ ልማዴ ጠዋት ከቁጥሩ ቀንሼው ነበር። ቁጥሩን አልነግርሽም፤ የሴት ምስጢር ነው። ሚዛኑም የተሠራው ለከባድ መኪና ነው፤ ለክብራቸው ስል «ትንሽ ሳይጨምር አይቀርም» ብያለሁ። ከገመድ ወዲያ ያሉት ጫኞች ገና ምንም አልሰሙም፤ ቁጥሩን አይተው አጨበጨቡ። ፉጨቱ! እናታችን እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ ጎንበስ ብለው አመሰገኑ። እኔ ሆዴን ይዤ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ስቄ ነው፣ አልቅሼ ነው፣ እስከ ዛሬ አልለየሁትም።

የዛሬው ደስታዬ ደግሞ ይኸውልሽ። ትናንት ሹፌሩም ጫኙም ፋብሪካው በር ላይ ተሰለፈ። ምዝገባው የሚዘጋበት ቀን ነበር፤ ለጥቂት ነው የደረሱት። ዛሬ ጠዋት ውጤቱ ተነገረ… ሁሉም! ሁሉንም ቀጠሯቸው! ጥርሱ ያለቀው ዘበኛ ሳይቀር ለማታ ጥበቃ ተፈለገ። ጫኝ ያው ጫኝ ነው፤ ሲሚንቶ ቢያንስ አይሸትም። ባሌ እንደ ልጅ ዘለለ። ፋብሪካውም ሚዛን አለው፤ ክፍት ቦታ አለ ወይ ብዬ ጠየቅኩ፣ ነጭ መስታወት ያለው ክፍል አሳዩኝ። ሰው ያየኛል! ለዚያ ነው ፀጉሬን ልሠራ የመጣሁት። የሚጀመረው ነገ ጠዋት ነው።

ነገ… እንዴ፣ ነገ እኮ ርክክቡ ነው! ረስቼው። ከተማ ሁሉ ተጠርቷል፤ ካሜራም ይመጣል። ዝግጅቱ እንዴት መሰለሽ? መኪኖቹ ታጥበው፣ በሰልፍ እየሄዱ ሚዛኑ ላይ ያልፋሉ፤ ሹፌሮቹ ወርደው ቁልፉን ለገዢው ይሰጣሉ፤ እናታችን ያለቅሳሉ። ውሉ ላይ «ገዢው መኪኖቹን እየሠሩ ይረከባል» የሚል አለበት አሉ። እየሠሩ! አሮጊቷን ማን ይደባብሳት? … ውይ እናታችን! ይሄኔ የሚያለቅሱትን እያሰቡ ይሆናል። ግን ማንን ይሸኛሉ? ልጆቻቸው ቀድመው ሄዱ። ድንኳን አለ፣ ምንጣፍ አለ፣ እንባ አለ… ተሸኚ የለም።

አለቀልኝ? እስቲ ኋላውን አሳይኝ። … አቤት! ዛሬስ ባሌ እውነትም አያውቀኝም። እጅሽን ይባርከው እህቴ።

ምነው ቀላሽ? ለእሳቸው ብለሽ ነው? ለእመቤቲቱ? እኔ እኮ ስም አልጠራሁም። ደግሞ ካስክ ውስጥ ናቸው፣ ምን ይሰማሉ… ቆይ ቆይ። ካስኩ ከቆመ ስንት ጊዜው ነው? ቅድም «ቲን» ሲል፣ ድመቷ ጋ ስደርስ፣ አይደል የጠፋው? ውይ በሞትኩት! እና በዝምታ ውስጥ ይህን ሁሉ ጊዜ? ለምን አልተነሱም? … አይ፣ ገባኝ። ሙቀቱ ገና ስላለ ነው። ካፊያም ጀምሯል፤ ፀጉር ያበላሻል።

እመቤቴ፣ ይቅርታ፣ ረበሽኩዎት። አይነሱ፣ አይነሱ! ስለ አንዲት የማውቃቸው እናት እያጫወትኳት ነበር። እርስዎን ሳይ እሳቸውን መሰሉኝ፤ በተለይ ጫማዎት። … በርዶዎታል? ዓይንዎትም ውሃ አዘለ። የካስክ ነፋስ ነው፤ ዓይን ያደርቃል። እንኩ፣ ይቺን መሐረብ ይያዙ። ንጹሕ ናት፣ ጠዋት ነው የተኮስኳት። ጥንዷ ሌላ ቦታ ናት፤ አንዷ ብቻዋን ለእኔ ምን ትሠራለች? ነገም ቢሆን ትጠቅምዎታለች።

አልቆይም፣ ባሌ ይጠብቀኛል። ስሄድ ግን ልመርቅዎት፤ ባዶ እጄን ከምለይዎት። … እርስዎም መቼም ልጆች ይኖሩዎታል። ፈጣሪ ያሳድግልዎት። እድሜያቸውን ያርዝመው፣ ትልቅ ቦታ ያድርስልዎት። መልክዎትን ብቻ ሳይሆን ሆድዎትንም ይውረሱ። እርስዎ አርጅተው፣ ደክመው፣ የእነሱን እጅ የሚያዩበት ቀን ሲመጣ፣ «እማዬ፣ የትም አንተውሽም» ብለው አጠገብዎት ቁጭ ይበሉ፤ እርስዎ «ልጆቼ» ያሏቸውን በያዙበት እጅ እነሱም ይያዙዎት። በዚያው በእርስዎ እንባ ይሸኙዎት።

አሜን ይበሉ እንጂ፣ እናታችን!